አውራ ጣት

ከዱባይ የመጣች፣ ያገለገለች ናት፣
መንገድ የምትመራ ሴትዮ አለችባት።
ከሬዲዮው በላይ፣ በመስታወት ጓዳ፣
ተቀምጣ ታዛለች እንደ ክብር እንግዳ።
ካርታውን መሥሪያ ቤቱ መርካቶ አስጫነ፤
ምላሷ ግን ያው ዐረብኛ ሆነ።
"የሚን" ስትል ቀኝ፣ "የሳር" ስትል ግራ፣
እኔም በእርጅናዬ ለመድሁ ከሷ ጋራ።

ማክሰኞ ሳይነጋ ከደብረ ብርሃን
የሕፃናት ክትባት በበረዶ ጭነን
ወጣን። ነርሷ ትርንጎ ሳጥኑን አቅፋ ከኋላ፣
"በረዶው ከስምንት ሰዓት አያልፍም፣ ቶሎ በላ!"

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ዓለሙን ውጦ፣
የመኪናዬ መብራት ነጭ ግድግዳ ላይ ፈጦ፣
ስልኬ ኔትወርክ አጥቶ እንደ ድንጋይ ሞቶ፣
የአስፋልትና የገደል ልዩነቱ ጠፍቶ፣
እሷ ግን ታያለች፤ ከሰማይ ዓይን ተበድራ፣
ኩርባውን ከመምጣቱ በፊት አንድ በአንድ ዘርዝራ፣
"መቶ ሜትር" አለች፤ "ሃምሳ"፤ ከዚያ "ግራ"።
ዞርኩ። መንገድ አለ።
እጄን ሰጠኋት። አዎ፣ ያለ ኩራት፣
ሃያ ሰባት ዓመት መንዳቴን ረስቼ፣ እንደ ተማሪ ተከተልኋት።

መታጠፊያ ብስት አትሳደብ፣ አታኮርፍ፤
ትንሽ ዝም ትልና ሌላ ታሳያለች፣ ያለ ግልምጫ፣ ያለ ትርፍ።
ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ቢያስተምረኝ ኖሮ
ዛሬ ድረስ ባልጮኸ ነበር ይህ የግራ ጆሮ።

መዘዞን አለፍን። ገበያ ነው፤ አህያና በግ መንገዱን ሞልቶት፣
"ሦስት ደቂቃ" ያለችው አርባ ፈጀ፤ ሰዓት እንጂ ቀን የላት።

ሰላ ድንጋይ ቀረ፤
ኮረኮንቹ አልቆ ጥርጊያው ጀመረ።
መስታወቱ ላይ መስመሩ ተበጥሶ
ቀስቷ ብቻዋን ቀረች፣ አገር ምድሩ ባዶ ቢጫ ለብሶ።
መንገድ የለም አለችኝ፣ መንገድ ላይ ቆሜ።
ወደ ኋላ መለሰችኝ። ተመለስኩ፣ ደክሜ።
ሌላ ቀጭን መስመር አወጣች፤ ሄድኩ፣ አምኜ ደግሜ፤
መንገድ አለ አለችኝ፣ ገደል አፋፍ ቆሜ።

ክረምት የበላው ነው፤ ያምና ይሁን የካቻምና፣
ናዳው ከታች ይታያል፣ አፈሩ ቀይ ነው ገና።
ካርታ የሣለው ሰው ይህን ከየት ይወቅና!
"ደርሳችኋል" አለች፣ ጨዋ እንደ ነበረች፤
"የት? ሰማይ ቤት ነው?" ትርንጎ ጠየቀች።

የሶላር ሰሌዳ በብብቱ ይዞ አንድ ሰው ብቅ አለ፤
ወልደጻድቅ ይባላል። በአገጩ ጠቁሞ፣ "ጤና ኬላው? ቅርብ ነው፣ እዚያ ማዶ፣ ምንም ያህል የለ።"
የመንዝን "ቅርብ" አውቀዋለሁ፤ ሜትር አይለካው፤
ሁለት ቆላ ወርደህ ሦስት ደጋ ብትወጣም፣ ያው ቅርብ ነው።
እሷ ሜትር ቆጥራ ገደል አደረሰችን፤
እሱ ሜትር የለው፣ ግን ያደርሳል። መቼ? አትጠይቁን።

ገባ። ከፊት ተቀመጠ፣ ሰሌዳው ጉልበቱ ላይ።
"ይህቺ ቀስት እኛ ነን?" "አዎ።" "እንግዲህ ከላይ
የሚያየን አለ?" "አለ።" ዝም አለ፣ ደስ ብሎት።
"እስቲ ቤቴን አሳየኝ።" ፈለግሁለት።
ወንዙ አለ፣ ሰማያዊ ክር። ተራራው አለ፣ ቁመቱ በቁጥር።
ቤቱ የለም። ደብሩ የለም። መንደሩም የለ፤ ቢጫ ብቻ፣ እንደ አጨዳ ማግስት ምድር።
አልተቆጣም። ጭቃ የነካውን አውራ ጣቱን
ሰደደና፣ "እዚህ ጋ ነው" ብሎ ተጫነው መስታወቱን።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረስን፤
አርባ አንድ ሕፃን አስለቅሰን ተመለስን።

ስንመለስ አየሁ፤ በባዶው ቢጫ ላይ፣ በመጣንበት ሁሉ፣
ነጠብጣብ አኑራለች፤ ጥቁር፣ ቅንጣት የሚያክሉ።
አላውቅም እያለች፣ ለካ ትማር ነበር፤
ከስንት አለቃ ትሻላለች፤ ይህን ልመስክር።

አውራ ጣቱን ግን አልጠረግሁትም።
ካርታው ይሮጣል፣ ይዞራል፤ እሱ ንቅንቅ አይልም።
ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ስወርድ፣ እዚያው ነው፤
ደብረ ብርሃን የነዳጅ ሰልፍ ላይ ሳንቀላፋ፣ እዚያው ነው።
"የሚን" ትላለች እሷ። የወልደጻድቅ ቤት፣ የትም ብነዳ፣
ከቀስቷ ትንሽ ከፍ ብሎ፣
እዚያ ማዶ፣
ቅርብ ነው።